ሳይቃጠል በቅጠል፦ የጋምቤላ ቤት በመርማሪ ዓይን ሲታይ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ክረምት በጋምቤላ ከተማ ሲያሳልፍ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋና በሯ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ዝናብ በጣለበት ምሽት ከውጭ ገብቶ በሩን ሲይዝ ክንዱን እስከ ትከሻው የሚነዝር ነገር ተሰማው። በማግሥቱ ይህንኑ ለቤቱ ባለቤት፣ ለአንዲት አዛውንት እናት ቢነግራቸው ብዙም አልደነቃቸውም። «ልጄ፣ ዝናብ ሲጥል በሩን በባዶ እጅህ አትያዘው፤ በጨርቅ አድርገህ ክፈተው። እኛም የምንከፍተው እንደዚያ ነው» አሉት። በእርግጥም ከበሩ አጠገብ በምስማር ላይ የተንጠለጠለች አንዲት አሮጌ ጨርቅ ነበረች።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያቺ ጨርቅ ናት። ቤተሰቡ አደጋ መኖሩን ያውቃል፤ አደጋው የሚነሣው ዝናብ ሲጥል መሆኑንም በትክክል ለይቷል፤ መከላከያ ብሎ ያሰበውንም ዘዴ አበጅቷል። የቀረው ነገር ቢኖር «ይህ ለምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር። ሳይንስ በቤታችን ውስጥ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። የቤት ምርመራ የሚባለው ሙያም በመሠረቱ ይህንኑ ጥያቄ ከመሠረት እስከ ጣሪያ በሥርዓት እየጠየቁ ከመሄድ የተለየ አይደለም።

የቤት መርማሪ ማን ነው?

በአንዳንድ አገሮች ቤት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የቤት መርማሪ ይቀጥራል። መርማሪው ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ መሠረቱን፣ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመሩን፣ ምድጃውንና የጭስ መውጫውን ተመልክቶ የጽሑፍ ዘገባ ያቀርባል። በአሜሪካ የዚህ ሙያ ባለቤቶች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። መርማሪው ግድግዳ አያፈርስም፤ ወለል አይቆፍርም። መሣሪያዎቹ ዓይኑ፣ እጁ፣ አፍንጫው፣ የእጅ ባትሪው፣ መዶሻውና ጥቂት የመለኪያ ዕቃዎች ናቸው።

በአገራችን ይህ ሙያ ራሱን ችሎ የቆመ ባይሆንም ሥራው ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታን የሚቆጣጠር «የሕንፃ ሹም» በየከተማው እንዲኖር ደንግጎ፣ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1995 የተዘጋጀው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስለ ኤሌክትሪክ ዝርጋታና ስለ ቧንቧ ሥራ ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች አሉት። ይሁን እንጂ ከወለል እስከ ጓሮ ቤታችንን ገብቶ በማየት ረገድ ከሁሉም የቀረበችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው በዚህ ፕሮግራም ከ30 ሺሕ በላይ ሠራተኞች ሠልጥነው በየቀበሌው ተሰማርተዋል። መጸዳጃ መኖሩን፣ አጎበር መሰቀሉን፣ ከብትና ሰው መለያየቱን፣ ምድጃው ጭስ ማስወጣቱን ያያሉ። ይህ ሁሉ የቤት ምርመራ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን መርማሪው የቤቱ ነዋሪ ራሱ ሊሆን ይገባዋል። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ አንድ የሠለጠነ መርማሪ ጋምቤላ ቢመጣ ምን ምን እንደሚያይ፣ ለምንስ እንደሚያይ ተከትለነው እንሂድ።

ከቤቱ በፊት መሬቱ

አንድ ጥንቁቅ መርማሪ በቀጥታ ወደ በሩ አይሄድም። መጀመሪያ ከግቢው ውጭ ቆሞ «ውኃ ከየት ይመጣል? ወዴትስ ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው በጋምቤላ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳርቻ ለንግድ ጣቢያ የተመረጠው ቦታ ኢታንግ ነበር። ነገር ግን ኢታንግ በክረምት በውኃ የሚጥለቀለቅ ሆኖ ስለተገኘ ጣቢያው ወደ ጋምቤላ ተዛወረ። በሌላ አነጋገር ከተማዋ የተቆረቆረችው ውኃን አይቶ ቦታ በመምረጥ ነው ማለት ይቻላል።

ይህም ሆኖ ጋምቤላ ከጎርፍ አላመለጠችም። ባሮ የሚፈጠረው በኢሉባቦር ደጋ የብርብርና የገባ ወንዞች ሲገናኙ ነው። ከተማዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኝ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። ስለሆነም ጋምቤላ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በደጋው የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ ሊያደርስ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ባሮ ከዳርቻው ወጥቶ የከተማዋን ሰፈሮችና እንደ ኢታንግ ያሉ ወረዳዎችን ያጥለቀለቀበት ክስተት ለዚህ የቅርብ ምስክር ነው። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአበው አነጋገር በሜዳ ወንዝ ላይ በእጅጉ ይሠራል፤ የሜዳ ጎርፍ እንደ ተራራ ደራሽ ሳይጮኽ፣ ሴንቲ ሜትር በሴንቲ ሜትር ከፍ እያለ ይመጣልና።

መርማሪው ስለዚህ የጎርፍ ምልክት ይፈልጋል። በግድግዳ፣ በዛፍ ግንድ ወይም በአጥር ላይ የቀረ አግድም የጭቃ መስመር የውኃውን ከፍታ ይናገራል። ምልክቱ ከጠፋ ጎረቤት አዛውንቶችን መጠየቅ ነው፤ የእነርሱ ትዝታ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። ቀጥሎም የወለሉ ከፍታ ከዚያ ምልክት በላይ መሆን አለመሆኑን ይለካል። እንደ መልካም ልማድ የሚወሰደው መመዘኛ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትር ውስጥ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ዝቅ እያለ እንዲሄድ ነው። አንድ ቱቦ፣ አንድ ክርና አንድ ሜትር ይዞ ይህን ማረጋገጥ ለማንም አይከብድም።

የሚነፋና የሚኮማተር አፈር

በጋምቤላ ሜዳ ሰፊ ቦታ የያዘው አፈር ጥቁሩ ዋልካ ነው። ዋልካ ሞንትሞሪሎናይት የተባለ የሸክላ ማዕድን በብዛት ይገኝበታል። የዚህ ማዕድን ቅንጣት እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደራረቡ ስስ ንጣፎች የተሠራ ሲሆን፣ ውኃ በንጣፎቹ መካከል ሲገባ ገጾቹ ይራራቃሉ፤ አፈሩም ያብጣል። በበጋ ውኃው ሲተን ደግሞ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እንዲህ ያለ አፈር ላይ በጥልቀት ሳይመሠረት የቆመ ቤት በየዓመቱ ክረምት ከፍ፣ በጋ ዝቅ ይላል። ሁሉም ማዕዘን እኩል ቢንቀሳቀስ ችግሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን የጣሪያ ውኃ የሚፈስበት ማዕዘን ከሌላው ይልቅ ይረጥባል፤ ትልቅ ዛፍ ያለበት ማዕዘን ከሌላው ይልቅ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ በልስኑ ላይ የሚታይ መረብ መሰል ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልስኑ መድረቅ ውጤት ነው። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድና አንደኛው ጫፉ የሰፋ ስንጥቅ ግን የመሠረት መንቀሳቀስን ይጠቁማል። ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይም በሩ አልዘጋ ማለት ከጀመረ ባለሙያ መጥራት ይገባል። ስንጥቁ መቆሙን ወይም መቀጠሉን ለማወቅ የግንባታ ሰዎች የቆየ ዘዴ አላቸው፤ በስንጥቁ ላይ ስስ የመስታወት ቁራጭ አጋድመው በሁለቱም ጫፍ በጄሶ ይለጥፉና ቀኑን ይጽፉበታል። ከወራት በኋላ መስታወቱ ተሰብሮ ከተገኘ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው።

ሳይታይ የሚበላው

የጭቃ ቤት ጥንካሬ ያለው በቋሚውና በማገሩ ነው። የእነዚህ ዋነኛ ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማው ከመሬት ወደ እንጨት የሚወጣው ራሱ በሠራው የጭቃ መሿለኪያ ውስጥ ሆኖ ነው። መርማሪው በግድግዳው ግርጌ የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ መስመር ሲያይ ይቆማል። ከዚያም ቋሚዎቹን ከሥር ጀምሮ በመዶሻ እጀታ እየመታ ያዳምጣል። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። በጥርጣሬ የተያዘውን በወስፌ ወጋ ማድረግ ነው፤ ወስፌው ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ ከውስጥ ባዶ ሆኗል።

ምስጥን ለመከላከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንጨት ላይ መቀባት የተለመደ ነው። ሆኖም ዘይቱ ወደ አፈርና ወደ ጉድጓድ ውኃ ሊሰርግ የሚችል፣ ከባድ ብረቶችንና ሌሎች ጎጂ ንጥረ ነገሮችን የያዘ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የሚሻለው ዘዴ እንጨቱ አፈር እንዳይነካ ማድረግ ነው። ቋሚው በድንጋይ ወይም በኮንክሪት መቀመጫ ላይ ሲቆም ምስጡ መሿለኪያውን በግልጽ ቦታ ላይ ለመሥራት ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ታይቶ ይፈርሳል።

ጣሪያ፦ ሙቀትና ንፋስ

በየካቲትና በመጋቢት የጋምቤላ ቀን ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። በዚህ ወቅት ሣር ክዳን ቤትና ቆርቆሮ ቤት ገብቶ ያነጻጸረ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት ቴርሞሜትር አያስፈልገውም። ሣር በአገዳዎቹ ውስጥና መካከል የታሰረ አየር ስላለው ሙቀትን በቀላሉ አያስተላልፍም። ብረት ግን ከሣር በመቶዎች እጥፍ የበለጠ ሙቀት አስተላላፊ ነው። ከዚህም በላይ ዝገት የያዘ ቆርቆሮ የፀሐይን ጨረር ይበልጥ ይመጥጣል፤ ከዚያም እንደ ምጣድ ወደ ታች ያንጸባርቃል። ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና አደጋ ነው።

መርማሪው እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ያያል። ኮርኒስ አለ ወይ? በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር መውጫ አለው ወይ? መስኮቶቹስ ፊት ለፊት ተያይተው ነፋስ ያሳልፋሉ ወይ? ቆርቆሮውን በኖራ ነጭ ቀለም መቀባት ራሱ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ጨረር እንዲመለስ ያደርጋል።

ክረምት ሲገባ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ዝናብ ቀድሞ የሚመጣው ነፋስ በጣሪያው ላይ ሲያልፍ በላይኛው በኩል ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በክፍት በርና መስኮት የገባው ነፋስ ደግሞ ከታች ይገፋል። ሁለቱ ተደምረው ቆርቆሮውን ያነሡታል። መነሣቱ የሚጀምረው ከጠርዝና ከማዕዘን ስለሆነ ምስማሮች በእነዚህ ቦታዎች ሊበዙ ይገባል። ምስማሩ ባለ ጎማ ሆኖ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ቢመታ አያፈስም፤ በጎድጓዳው ላይ ከተመታ ግን ውኃ የሚሄድበትን መንገድ በሳው ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ፦ የጨርቋ ምሥጢር

አሁን ወደ ተንጠለጠለችው ጨርቅ እንመለስ። በአገራችን ቤቶች ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት 220 ቮልት ገደማ ነው። በሰው አካል ውስጥ የሚያልፈው ከረንት መጠን ይህ ቮልት ለመንገዱ ተቃውሞ ሲካፈል የሚገኝ ነው። ደረቅ ቆዳ ያለውና የጎማ ጫማ ያደረገ ሰው በመንገዱ ላይ ያለው ተቃውሞ 100 ሺሕ ኦም ነው ብንል፣ የሚያልፍበት ከረንት 2.2 ሚሊ አምፔር ይሆናል፤ ይህ የሚነዝር እንጂ የሚገድል አይደለም። ያው ሰው እጁ ርሶ በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ ቢቆም ግን ተቃውሞው ወደ 2 ሺሕ ኦም ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ የሚያልፍበት 110 ሚሊ አምፔር ነው። ከ10 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ጡንቻ ስለሚኮማተር እጅ የያዘውን አይለቅም፤ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ለጥቂት ጊዜ የቆየ ከረንት ደግሞ የልብን ምት ሊያውክ ይችላል። እንግዲህ በነዘረኝና በሞት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ጫማና ጥቂት ውኃ ብቻ ነው። ጨርቋም ብትሆን የምታድነው ደረቅ እስከሆነች ድረስ ነበር።

ብዙ ሰው «ብሬከር አለን» ብሎ ይጽናናል። ነገር ግን የተለመደው ባለ 16 አምፔር ብሬከር የተሠራው ሽቦን ከመቃጠል ለማዳን እንጂ ሰውን ለማዳን አይደለም። ሰውን የሚገድለው 110 ሚሊ አምፔር ብሬከሩን ከሚቀሰቅሰው ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ስለሆነ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም። ለሰው የተሠራው ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር የሚባለው ነው። ይህ መሣሪያ በአንዱ ሽቦ የገባውንና በሌላው የተመለሰውን ከረንት ያነጻጽራል፤ በመካከላቸው 30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ካገኘ «በሌላ መንገድ የሚያመልጥ አለ» ብሎ ከአንድ ሦስተኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጣል። መርማሪው በብሬከር ሳጥኑ ላይ «ቴ» ፊደል የተጻፈበት የመሞከሪያ ቁልፍ መኖሩን ያያል፤ ይጫነዋል፤ ኤሌክትሪኩም ሊጠፋ ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ የምድር መስመር ነው። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሦስተኛው ሽቦ በግቢው ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር መገናኘቱ መረጋገጥ አለበት። እዚህ ላይ ቀደም ሲል ያየነው ዋልካ እንደገና ይመጣል። እርጥብ ዋልካ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ በበጋ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ግን ከዘንጉ ይላቀቃል። በክረምት ተለክቶ መልካም የተባለ ምድር በመጋቢት ከንቱ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ መለካት የሚገባው በደረቁ ወቅት ነው።

ሦስተኛው የሽቦ ውፍረት ነው። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በከረንቱ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ፣ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለመብራት በተዘረጋ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ ምጣድና የውኃ ማፍያ አንድ ላይ መሰካት እሳትን በግድግዳ ውስጥ እንደመቅበር ይቆጠራል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ምጣዱ ለግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ከሶኬቱ አጠገብ የእጅን ጀርባ ማስጠጋት። ከሞቀ፣ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ሥራው የባለሙያ ነው። በጎርፍ ጊዜ ደግሞ ውኃው ወለሉን ከመንካቱ በፊት ዋናው ማጥፊያ ይጥፋ፤ ውኃው ከሸሸ በኋላም መስመሩ ደርቆ ሳይመረመር አይብራ።

የዚያ በር ነገር በመጨረሻ ተገኘ። የተጠራው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከጣሪያው ሥር ከወጋግራው ጋር የታሰረውን ሽቦ ተከትሎ ሲሄድ፣ ቆርቆሮው ሲታደስ የተመታ አንድ ምስማር የሽቦውን ልባስ ወግቶ አገኘው። ጣሪያው በሙሉ፣ ከጣሪያው ጋር የተያያዘው የበሩ ፍሬምም ጭምር፣ ሕያው ሽቦ ሆነው ነበር። ጥገናው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

ምድጃ፣ ጭስና መውጫ በር

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። በጭሱ ውስጥ ካሉት አደገኛ ነገሮች አንዱ ደግሞ የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። በክረምት ዝናብ በርና መስኮት ዘግቶ በከሰል ቡና ማፍላት፣ ይልቁንም ያልጠፋ ከሰል ይዞ መተኛት፣ ስለዚህ አደገኛ ነው። ከሰሉ ነበልባል ባይኖረውም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም።

በአካባቢው ያለው የቆየ ጥበብ ግን ሊናቅ አይገባውም። የኑዌር ሕዝብ «ሉአክ» በሚባለው ትልቅ የከብት ቤት ውስጥ ኩበት እያጤሰ ከብቱንም ሰውንም ከትንኝ ሲጠብቅ ኖሯል። ጭሱ አንዱን ጠላት ሲያባርር ሌላውን ወደ ሳንባ ያስገባል፤ ይህን ሚዛን ለማስተካከል ትንኝን በሌላ መንገድ መከልከል ያስፈልጋል። ወደዚያው እንመጣለን።

በሣር ክዳን ሰፈር መርማሪው ኩሽናው ከመኖሪያው ቤት ምን ያህል እንደራቀ፣ ነፋሱ በበጋ ከየት ወደየት እንደሚነፍስ ይጠይቃል። ፍንጣሪ ነፋሱን ተከትሎ ይሄዳልና ኩሽና ከነፋሱ መውረጃ በኩል ቢሆን ይመረጣል። በከተማው ውስጥ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ሌባን ለመከላከል በመስኮት ላይ የተበየደ የብረት ፍርግርግ እሳት ሲነሣ ቤተሰቡን ከውስጥ ያስራል። ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን፤ ልጆችም በጨለማ ከፍተው መውጣትን ይለማመዱ።

ትንኝ የምትገባበት በር

በጋምቤላ ቤት ምርመራ የወባ ትንኝን የማይመለከት ከሆነ ምርመራ ሊባል አይችልም። በአገራችን ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ አኖፊሊስ አረቢየንሲስ ናት። አብዛኛው ሰው ትንኝ በመስኮት ትገባለች ብሎ ያስባል። ይሁን እንጂ ወደ ቤት የምትበርረው ትንኝ ግድግዳ ሲያጋጥማት ወደ ላይ ስለምትወጣ ዋነኛ መግቢያዋ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ስሟ ከጋምቤላ ጋር በሚቀራረበው በምዕራብ አፍሪካዋ ጋምቢያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ በርና መስኮትን በወንፊት መሸፈንና ክፍተቱን መዝጋት ወይም ከጣሪያው ሥር መረብ መወጠር ወደ ቤት የሚገቡትን ትንኞች በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ፣ በሕፃናት ላይ የሚታየውንም የደም ማነስ እንደሚያቃልል አሳይቷል። በአገራችን በአርባ ምንጭ አካባቢ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት ደግሞ በሮችንና መስኮቶችን በወንፊት መሸፈን በቤት ውስጥ የሚገኘውን የአኖፊሊስ አረቢየንሲስ ብዛት በ40 በመቶ ቀንሷል። ይህ አጎበርንና የቤት ውስጥ ርጭትን የሚተካ ሳይሆን የሚያግዝ ነው።

መርማሪው ስለዚህ ቀን በር ዘግቶ በጨለማው ክፍል ውስጥ ይቆማል፤ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ይቆጥራል። ብርሃን የገባበት ትንኝም ይገባበታል፤ ከበር ሥር የሚታየው ሰፊ ክፍተት ደግሞ ለእባብም መንገድ ነው። ነገር ግን ቀዳዳውን በጭቃ መድፈን ሙቀቱን ስለሚጨምር፣ ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ወንፊት መሸፈን ይሻላል፤ አየር ይገባል፣ ትንኝ አይገባም። ከቤቱ ውጭም ክዳን የሌለው የውኃ በርሜልና ታንከር መኖሩ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በቀብሪ ደሐር መጀመሪያ የተገኘችው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለች መጤ ትንኝ በእንዲህ ያለ የተጠራቀመ ውኃ ውስጥ የምትራባ ናትና።

ውኃና መጸዳጃ

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ የመጨረሻው ጥያቄ የውኃው መነሻ ነው። በሰፊው በሚሠራበት መመዘኛ መሠረት የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ታቹም ከከርሰ ምድር ውኃ ወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት ይገባዋል። በባሮ ዳርቻ ሁለተኛው መመዘኛ ይከብዳል፤ ክረምት ሲገባ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከወንዙ ጋር አብሮ ይነሣል። በጥር ደረቅ የነበረ ጉድጓድ በነሐሴ ከውኃ ጋር ይገናኛል። መፍትሔው ጥልቅ መቆፈር ሳይሆን መጸዳጃውን በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት ነው። በ1998 ዓ.ም. በጋምቤላ ታይቶ ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ይህ ጉዳይ የአንድ ግቢ ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል። ጎርፍ የገባበት የውኃ ጉድጓድ በክሎሪን ሳይታከም አይጠጣበት፤ የሚጠጣው ውኃም ክሎሪን ከተጨመረበት በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ።

የአንድ ሰዓት ምርመራ

ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ አንድ ቤተሰብ ከክረምት በፊት በግንቦት፣ ከበጋው ሙቀት በፊት ደግሞ በጥር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊያደርገው ይችላል። የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪ፣ መዶሻ፣ ወስፌ፣ ሜትርና ደብተር ነው። በደብተሩ ላይ የታየው ነገር ከነቀኑ ይጻፍ፤ የአምናው ከዘንድሮው ጋር ሲነጻጸር ቤቱ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስተካከል የሚችል አቅም የብዙዎቻችን አይደለምና ቅደም ተከተሉም ሊታወቅ ይገባል። በአንድ ቅጽበት የሚገድለው ኤሌክትሪክና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀድማል፤ በየዓመቱ የሚመጣው ወባና የተበከለ ውኃ ይከተላል፤ በዝግታ የሚበላው ምስጥና ስንጥቅ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የኤሌክትሪኩን ሥራ ግን ሙያዊ ብቃቱ ለተረጋገጠ ሰው መስጠት እንጂ በድፍረት መሞከር አይገባም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጋምቤላ ከመውጣቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ዝናባማ ምሽት፣ የቤቱ እናት በሩን በባዶ እጃቸው ከፈቱት። ከዚያም ጨርቋን ከምስማሩ ላይ አውርደው የቡና ጀበና ጆሮ መያዣ አደረጓት። የልጅ ልጃቸው፣ አምስት ዓመት ያልሞላት፣ ያን በር ስንት ክረምት በባዶ እግሯ ሆና ስትከፍተው እንደኖረች ያን ጊዜ ማናችንም ጮክ ብለን አልተናገርንም። ሁላችንም ግን አስበነው ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።